ያልተቃጠለው ደብዳቤ

ሚሲሲፒ ወንዝ ኢሊኖይንና አዮዋን እየለየ ወደ ደቡብ ሲወርድ አንድ ቦታ ላይ ሰፊ ቅስት ይሠራል። በቅስቱ ውስጥ፣ በሦስት በኩል ውሃ የከበባት ናቩ የምትባል ከተማ ተቀምጣለች። ዛሬ ነዋሪዋ ሺህ ያህል ቢሆን ነው። በ1844 ግን (በዚህ ማስታወሻ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) 12 ሺህ ያህል ሰው ይኖርባት፣ ከቺካጎ ጋርም ትፎካከር ነበር። ያን ሁሉ ሕዝብ ወደዚህ የወንዝ ዳርቻ ያመጣው አርባ ዓመት እንኳ ያልሞላው ጆሴፍ ስሚዝ ነው። ተከታዮቹ ነቢይ ይሉታል። በ1830 ኒው ዮርክ ውስጥ የመሠረታት ቤተ ክርስቲያን ዛሬ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ትባላለች፤ አባሎቿን ሰው በተለምዶ የሚያውቃቸው ግን ሞርሞን በሚለው ስም ነው።

እነዚህ ሰዎች ናቩ የደረሱት ተሰደው ነው። በ1838 መገባደጃ የሚዙሪ ገዥ ሊልበርን ቦግስ ሞርሞኖች ከግዛቱ እንዲባረሩ ወይም እንዲጠፉ የሚያዝ ደብዳቤ አውጥቶባቸው በክረምት ብርድ ሜዳ ላይ ወጡ። በ1839 ይህን ረግረጋማ መሬት ገዝተው ውሃውን አጠነፈፉ፣ ጡብ ተኮሱ፣ ቤተ መቅደስ ጀመሩ። ስለዚህ የናቩን ታሪክ ሲያወራ ግፋቸውን የሚዘል ሰው ግማሹን እንደዘለለ ይቆጠር። እኔ ግን ከቺካጎ ተነሥቼ፣ ማለቂያ የሌለው የሚመስለውን የበቆሎና የአኩሪ አተር እርሻ አቋርጬ የመጣሁት ሌላውን ግማሽ ፍለጋ ነበር። ጆሴፍ ስሚዝ በ1842 ጽፎት፣ ተቀባዮቹ እንዲያቃጥሉት የለመናቸውና እነሱ ያላቃጠሉት አንድ ደብዳቤ አለ። ያንን ደብዳቤ ካነበብሁ ጀምሮ የተጻፈበትን አገር በዓይኔ ማየት እፈልግ ነበር።

ከወንዙ ዳር እልፍ ብሎ፣ ዋተር በሚባለው ጎዳና ላይ፣ ሁለት ፎቅ ያለው ቀይ የጡብ ሕንጻ ይገኛል። የጆሴፍ ስሚዝ ሱቅ ነበር። የመጀመሪያው በ1890 ፈርሷል፤ አሁን የቆመው በቀድሞው መሠረት ላይ በ1980 እንደገና የተሠራው ነው። ምድር ቤቱ የሸቀጥ መደርደሪያ ነው። ላይኛው ፎቅ ግን ሸቀጥ ሳይሆን ሃይማኖት የተመከረበት ቦታ ነው። አንድ ሰፊ አዳራሽና አንዲት ጠባብ ቢሮ አሉት። ያስጎበኙኝ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ የዚያን ዘመን ረጅም ቀሚስ ለብሰው በበጎ ፈቃድ ያገለግላሉ። ጆሴፍ በስውር ስለ ጀመረው የብዙ ሚስት ጋብቻ ስጠይቃቸው ፊታቸውን አላዞሩም። ጋብቻውን የሚያዘው መገለጥ የተጻፈው እዚሁ ሕንጻ ውስጥ መሆኑን ራሳቸው ነገሩኝ።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ማርች 17 ቀን 1842 ሃያ ሴቶች ተሰብስበው የሴቶች መረዳጃ ማኅበር መሠረቱ። ሊቀ መንበር ሆና የተመረጠችው የጆሴፍ ሚስት ኤማ ነበረች። በ1827 ካገባት ጀምሮ ከግዛት ግዛት አብራው ተሰዳለች፣ ልጆች ቀብራለች፣ ባሏ እስር ቤት ሳለ ሕፃናቷን ይዛ በረዶ የያዘውን ሚሲሲፒ በእግሯ ተሻግራለች። ከአማካሪዎቿ አንዷ የቀድሞ ወዳጇ ኤልዛቤት አን ዊትኒ ነበረች። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ደግሞ ገጣሚዋ ኢላይዛ ስኖው። የእነዚህን የሦስት ሴቶች ስም አንባቢ ይያዝልኝ፤ የናቩ ምሥጢር ሸክም በእነሱ ትከሻ ላይ እንዴት እንደተከፋፈለ ላሳይ ነው።

የቤተ ክርስቲያኗ የታተመ ሕግ ግልጽ ነበር። በ1835 «ትምህርትና ቃል ኪዳኖች» በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ የወጣው የጋብቻ አንቀጽ አንድ ወንድ አንድ ሚስት፣ አንዲት ሴትም አንድ ባል እንዲኖራቸው ይደነግጋል። ይሁንና በዚያው በ1830ዎቹ አጋማሽ፣ ኦሃዮ ውስጥ ከርትላንድ ሳሉ፣ ጆሴፍ በቤቱ ታገለግል ከነበረችው ከወጣቷ ፋኒ አልጀር ጋር ስለነበረው ግንኙነት መወራት ጀምሮ ነበር። የቅርብ ባልደረባው ኦሊቨር ካውደሪ ነገሩን በብርቱ አወገዘው። እሱ ራሱ በ1838 ከቤተ ክርስቲያኗ ሲባረር ይህ ከክሶቹ አንዱ ነበር። በናቩ ደግሞ በኤፕሪል 1841 ጆሴፍ ከልዊዛ ቢማን ጋር በሥርዓት «ታተመ»። በሞርሞኖች ዘንድ ባልና ሚስት ከሞት በኋላም እንዳይለያዩ የሚፈጸመው ሥርዓት መታተም ይባላል። ሥርዓቱን የፈጸመው የሙሽሪት እህት ባል ነበር። ሰው እንዳያውቃት የወንድ ኮትና ባርኔጣ ለብሳ ነበር የሚል ትውስታ ተመዝግቧል።

ጁላይ 27 ቀን 1842 ተራው የዊትኒ ቤተሰብ ሆነ። የኤልዛቤት አን ልጅ ሣራ አን ገና 17 ዓመቷ ነበር። ከጆሴፍ ጋር ያተማት የገዛ አባቷ ኒውል ዊትኒ ነው። እናት ታውቃለች፣ አባት ያውቃል፣ ልጅቱ ታውቃለች። በማኅበሩ ስብሰባ ከእናትየው ጎን የምትቀመጠው ኤማ ግን አልተነገራትም። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ኦገስት 18 ቀን፣ ጆሴፍ ከሚዙሪ ሹማምንት ተደብቆ በነበረበት ቤት ሆኖ ለዊትኒዎች ያን ደብዳቤ ጻፈ። በብቸኝነቱ መጥተው እንዲያጽናኑት ይለምናቸዋል። ሲመጡ ኤማ አለመኖሯን እንዲያረጋግጡ ያስጠነቅቃቸዋል። በመጨረሻም አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን እንዲያቃጥሉት፣ ነገሩንም በልባቸው ቆልፈው እንዲይዙት ይጠይቃቸዋል።

በሱቁ ላይኛ ፎቅ መስኮት አጠገብ ቆሜ ያሰብሁት ስለ ጆሴፍ አልነበረም። ያሰብሁት ስለ ኤልዛቤት አን ዊትኒ ነው። ነቢይ ነው ብላ የምታምነው ሰው ልጇን ጠየቃት፤ ሰጠች። ዝም እንድትል ጠየቃት፤ ዝም አለች። ከዚያ በኋላ በየስብሰባው የወዳጇን ዓይን እያየች መቀመጥ ነበረባት። ምሥጢርን በሰው ላይ የሚጭን ሰው ሸክሙ ምን ያህል እንደሆነ ብዙ ጊዜ አያውቀውም። የሚያውቀው ተሸካሚው ነው።

ዝምታው ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ብዙም ሳይቆይ መማል መጣ። የናቩ ከንቲባ የነበረው ጆን ቤኔት በ1842 ጸደይ ከቤተ ክርስቲያኗ ተባሮ ስለ ጆሴፍ ሚስቶች በጋዜጣ መጻፍ ጀመረ። ቤኔት ሴቶችን በማታለል የተከሰሰ፣ እውነትና ውሸት የሚቀላቅል ሰው ነበር፤ ይህም ለመከላከያ ተመቸ። ኦክቶበር 1 ቀን 1842 የቤተ ክርስቲያኗ ጋዜጣ «ታይምስ ኤንድ ሲዝንስ» የወንዶችና የሴቶች ፊርማ ያለባቸው ሁለት መግለጫዎች አወጣ። ፈራሚዎቹ በመጽሐፉ ከታተመው ሌላ የጋብቻ ሥርዓት እንደማያውቁ፣ ቤኔት የሚያወራው የስውር ሚስት ነገርም የራሱ ፈጠራ እንደሆነ ያረጋግጣሉ። ከሴቶቹ ፊርማዎች መካከል የኤማ አለ። የኤልዛቤት አን ዊትኒ አለ። የኢላይዛ ስኖውም አለ። ኢላይዛ ያን ወረቀት ስትፈርም ከጆሴፍ ጋር ከታተመች ሦስት ወር አልፏት ነበር።

እነዚህ ሰዎች እንዴት ፈረሙ? በእነሱ አእምሮ መልስ ነበረው። ቤኔት የሚያወራው ያለ ሥርዓትና ያለ ቃል ኪዳን የሚፈጸም ዝሙት ነው፤ እኛ የምናውቀው ግን በክህነት ሥልጣን የሚፈጸም ቅዱስ ጋብቻ ነው፤ ስለዚህ የቤኔትን መካዳችን ውሸት አይደለም ይሉ ነበር። ቃላቱ ተመርጠው የተመዘኑ ነበሩ። ጋዜጣውን የሚያነበው ተራ ምእመን ግን ይህን ሚዛን አያውቅም። እሱ የተረዳው አንድ ነገር ነው፦ በናቩ ከአንድ በላይ የሚያገባ የለም። መግለጫውም የተጻፈው እንደዚያ እንዲረዳው ነው። ቃሉ እውነት ሆኖ ሰሚው በሐሰት እንዲያምን ተደርጎ ከተነገረ፣ ማታለል አይደለም ለማለት እኔ አፌ አይደፍርም።

የሱቁ ጎረቤት የሆነውን የጆሴፍን የመጀመሪያ ቤትና ቀጥሎ የገባበትን ማንሽን ሃውስ የተባለውን ትልቅ ቤት ስጎበኝ የፓርትሪጅ እህትማማቾች በልቤ ነበሩ። ኤሚሊና ኢላይዛ ፓርትሪጅ አባታቸው ሞቶባቸው በኤማ ቤት ልጆች እየጠበቁ የሚኖሩ ወጣቶች ነበሩ። በማርች 1843 ሁለቱም በተለያየ ቀን ከጆሴፍ ጋር ታተሙ፤ ኤማ አላወቀችም። በሜይ ወር ኤማ ከብዙ ትግል በኋላ ባሏ ሌላ ሚስት እንዲያገባ ፈቀደች፤ ሴቶቹን ራሷ እንድትመርጥም ተደረገ። የመረጠቻቸው እነዚህኑ እህትማማቾች ነበር። ቀድሞ የተፈጸመው እንዳይገለጥባት ሥርዓቱ እንደ አዲስ በፊቷ ተደገመ። ኤማ ፈቃዷን ብዙም ሳይቆይ አጠፈች። ልጆቹም ጣውንት ሆነው ከኖሩበት ቤት ወጡ። ኤሚሊ ይህን ሁሉ በእርጅናዋ ዘመን ጽፋ አቆይታዋለች፤ በኤማ ላይም የመረረ ፍርድ አልፈረደችም። ማንኛዋ ሴት ብትሆን ይከብዳት ነበር የሚል አዘኔታ በጽሑፏ ውስጥ ይታያል።

የዚያው ዓመት ጸደይ ሌሎችም ነገሮች ሆነዋል። የሐዋርያው ሂበር ኪምቦል ልጅ ሄለን ማር በሜይ 1843 ከጆሴፍ ጋር ስትታተም 14 ዓመቷ ነበር። ከዚያ ዓመት በፊትም ባል ያላቸው ሴቶች ታትመው ነበር፤ ከእነሱ አንዷ ዛይና ሃንቲንግተን ናት። ሣራ አን ዊትኒ ደግሞ የሰው ዓይን እንዳያርፍባት ጆሴፍ ኪንግዝበሪ ከተባለ፣ ሚስቱ ከሞተችበት ወጣት ጋር ለይስሙላ ተጋባች። ኪንግዝበሪ ራሱ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ጋብቻው የማስመሰያ እንደነበር ተናግሯል። አንድ ምሥጢር ራሱን ለመሸፈን ስንት ሰው እንደሚቀጥር እዚህ ላይ ይታያል።

ጁላይ 12 ቀን 1843 ጆሴፍ በሱቁ ጠባብ ቢሮ ተቀምጦ፣ ጸሐፊው ዊልያም ክሌይተን እየጻፈ፣ ስለ ብዙ ሚስት ጋብቻ የመጣለትን መገለጥ አስጻፈ። መገለጡ አብርሃምን፣ ሣራንና አጋርን፣ ያዕቆብን፣ ዳዊትንና ሰሎሞንን ይጠራል። እነዚህን ስሞች ከእናቱ ጡት ጋር ለጠባ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ክርክሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ የብሉይ ኪዳን አባቶች ብዙ ሚስቶች እንደነበሯቸው ያውቃል። የሚያስደነግጠው ሌላው ነው። መገለጡ ኤማን በስሟ ይጠራታል፤ ለባሏ የተሰጡትን ሴቶች እንድትቀበል ያዝዛታል፤ እንቢ ብትል ደግሞ እንደምትጠፋ ያስጠነቅቃታል። ወረቀቱን ወደ እሷ የወሰደው የጆሴፍ ወንድም ሃይረም ነበር። አሳምናታለሁ ብሎ ሄዶ ተዘልፎ ተመለሰ። ያ የመጀመሪያ ወረቀት ኋላ ተቃጠለ። ያቃጠለችው እሷ ናት የሚሉ አሉ፤ እሷ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት አላየሁም ብላለች።

ይሁንና ወረቀቱ ከመቃጠሉ በፊት ኒውል ዊትኒ አስፈቅዶ አስገልብጦት ነበር። የገለበጠው ያው የይስሙላ ሙሽራ ኪንግዝበሪ ነው። አሁን ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ይቃጠል የተባለው ደብዳቤ በዊትኒ ቤት ተረፈ። የተቃጠለው መገለጥም ግልባጩ በዚያው በዊትኒ ቤት ተረፈ። ለምሥጢሩ ከሁሉም ይልቅ የታመነው ቤተሰብ፣ ምሥጢሩ ለትውልድ እንዲተርፍ ያደረገው ቤተሰብ ሆነ። ሞርሞኖች ከመጀመሪያው ጀምሮ የመጻፍ ሕዝብ ናቸው፤ ማስታወሻ መያዝን እንደ ሃይማኖት ግዴታ ያዩታል። በአፋቸው የካዱትን በእጃቸው ጽፈው አኑረውታል።

ከናቩ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄዱ ካርቴጅ ይደረሳል። የምሥጢሩ ዋጋ በደም የተከፈለው እዚያ ነው። ዊልያም ሎው የጆሴፍ አማካሪ፣ በቤተ ክርስቲያኗ ከከፍተኞቹ መሪዎች አንዱ ነበር። ስለ መገለጡ ሲሰማ መጀመሪያ ጆሴፍን እንዲተወው ለመነው። ሳይሆንለት ሲቀር ከጥቂት ሰዎች ጋር ማተሚያ ገዝቶ ጁን 7 ቀን 1844 «ናቩ ኤክስፖዚተር» የተባለ ጋዜጣ አወጣ። ጋዜጣው መገለጡን አይተነዋል፣ ሰምተነዋል የሚሉ የሎውን፣ የሚስቱን የጄንንና የሌላ ሰው ቃለ መሐላ ይዞ ነበር። የወጣው አንድ እትም ብቻ ነው። ያን ጊዜ ጆሴፍ ከንቲባም ነበር። የከተማው ምክር ቤት ጋዜጣውን የሕዝብ ጠንቅ ብሎ ፈረደበት፤ ጁን 10 ቀን ማሽኑ ተሰብሮ የፊደላቱ እርሳሶች መንገድ ላይ ተበተኑ። ከዚያ በፊት በሜይ ወር ጆሴፍ በሕዝብ ፊት ቆሞ ሰባት ሚስት አለህ እያሉ ይከሱኛል፣ እኔ ግን የማየው አንዲት ብቻ ነው የሚል ንግግር አድርጎ ነበር። ማተሚያውን ማፍረሱ ለከሳሾቹ የጠበቁትን አጋጣሚ ሰጣቸው። ተይዞ ካርቴጅ ታሰረ።

የእስር ቤቱ ሕንጻ ከኖራ ድንጋይ የተሠራ ነው። የሞቱበት ክፍል ላይኛው ፎቅ ላይ ነው፤ ጥይት የበሳው በር ዛሬም ይታያል። ጁን 27 ቀን 1844 ፊታቸውን ያጠቆሩ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ደረጃውን ወጥተው ጆሴፍንና ሃይረምን ገደሏቸው። ይህ ነፍስ ግድያ ነው፤ የሟቹ ምሥጢር የገዳዮቹን ወንጀል በምንም አያቀለውም። ለግድያው ጥፋተኛ ተብሎ የተፈረደበትም የለም። አስከሬናቸው እንኳ ከመሸሸግ አላመለጠም። ጠላት እንዳያወጣው በመፍራት አሸዋ የተሞሉ ሣጥኖች በሕዝብ ፊት ሲቀበሩ፣ እውነተኞቹ ሬሳዎች በድብቅ ሌላ ቦታ ገቡ። ቦታው በጊዜ ብዛት ጠፍቶ በ1928 ተቆፍሮ ተገኘ። ዛሬ ሁለቱ ወንድማማቾችና ኤማ በወንዙ ዳር በአንድ ስፍራ ያርፋሉ።

ኤማ ከሕዝቡ ጋር ወደ ምዕራብ አልሄደችም። ከጆሴፍ በኋላ የመራቸው ብሪገም ያንግ በ1846 ብዙኃኑን ይዞ ሲሰደድ እሷ ናቩ ቀረች፤ ሌላ ባል አገባች፤ ልጆቿን ስለ ጣውንቶቿ አንዳች ሳትነግር አሳደገች። የበኩር ልጇ ጆሴፍ ሣልሳዊ በ1860 የብዙ ሚስት ጋብቻን የሚቃወም ሌላ ቤተ ክርስቲያን መሪ ሆነ። በፌብሩዋሪ 1879 እናቱ ልትሞት ሁለት ወር ያህል ሲቀራት ተቀምጦ ጠየቃት። አባትህ ከእኔ በቀር ሚስት አልነበረውም አለችው። ብዙ ሰው ይህን አንብቦ ዋሸች ይላል። እኔ በመቃብሯ አጠገብ ሆኜ እንዲህ ብዬ ለመፍረድ አቅም አጣሁ። እንድትሸከመው የተገደደችውን፣ ፈቅዳም የተጸጸተችበትን፣ በስሟ የተዛተባትን ነገር በልጆቿ ሕይወት ውስጥ ላለማስገባት የነበራት መሣሪያ ይህ ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ክህደት ያስተማሯት ግን ሌሎች ናቸው።

ከኢሊኖይ ወደ ዩታ በአውሮፕላን ተሻገርሁ። ሞርሞኖቹ ያን መንገድ በሠረገላና በእግር ተጉዘው ጁላይ 24 ቀን 1847 የሶልት ሌክ ሸለቆ ገቡ። ከተራሮቹ ግርጌ፣ ከመንግሥት እጅ ርቀው ሲቀመጡ ምሥጢሩ አላስፈለጋቸውም። ኦገስት 29 ቀን 1852 ሐዋርያው ኦርሰን ፕራት የብዙ ሚስት ጋብቻን በጉባኤ ፊት በይፋ ሰበከ፤ የተነበበውም ከዊትኒ ቤት የተረፈው ግልባጭ ነበር። የሚገርመው፣ አንድ ለአንድ የሚለው የ1835ቱ አንቀጽ እስከ 1876 ድረስ ከመጽሐፋቸው አልወጣም። ዛሬ በከተማው መካከል ብሪገም ያንግ በርካታ ሚስቶቹንና ልጆቹን ያኖረበት ላየን ሃውስ ከነተደረደሩት የጣሪያ መስኮቶቹ ቆሟል። በላዩ የተጋደመ የአንበሳ ሐውልት አለው።

ኢላይዛ ስኖው የኖረችው በዚያ ቤት ነው። ከጆሴፍ ሞት በኋላ ብሪገም ያንግን አገባች፤ መቃብሯም ከቤቱ ብዙም በማይርቀው በያንግ ቤተሰብ መካነ መቃብር ነው። ከናቩ ስትወጣ የሴቶቹን ማኅበር የቃለ ጉባኤ መዝገብ ይዛ ነበር የወጣችው፤ በዩታም ማኅበሩን በዚያ መዝገብ እያስተማረች ዳግም አቋቋመችው። በ1842 ሐሰት ላይ የፈረመችው ሴት፣ በዩታ የጆሴፍ ስሚዝ ሚስት መሆኗን በኩራት ተናገረች። በጃንዋሪ 1870 በሺህ የሚቆጠሩ የሞርሞን ሴቶች በአንድ ትልቅ አዳራሽ ተሰብስበው የኮንግረሱን ፀረ ብዙ ጋብቻ ረቂቅ ሲቃወሙ ከተናጋሪዎቹ አንዷ እሷ ነበረች። የተበደሉ ብቻ አድርጎ ማየት እነሱን አለመስማት ይሆናል፤ ብዙዎቹ አምነውበት ኖረዋል፣ ተከራክረውለታል። በዚያው ዓመት የዩታ ሴቶች የመምረጥ መብት አግኝተዋል።

ግልጽነቱ ግን አልዘለቀም። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በ1879 እምነት ለብዙ ጋብቻ መከላከያ አይሆንም አለ። የ1882ቱ የኤድመንድስ ሕግ ከአንድ በላይ ሴት ጋር አብሮ መኖርን እስከ ስድስት ወር እስራትና እስከ 300 ዶላር መቀጮ ሊያስቀጣ የሚችል ወንጀል አደረገው። የ1887ቱ ሕግ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኗን ንብረት ወረሰ፣ የሴቶቹንም የመምረጥ መብት ነጠቀ። ናቩ የቀረው መደበቅ እንደገና መጣ። አባቶች ከቤት ቤት ሸሹ፤ ልጆች የአባታቸውን ስም ላለመናገር ተማሩ። የቤተ ክርስቲያኗ ፕሬዚዳንት ጆን ቴይለር በ1887 በተደበቀበት ሞተ። ዛሬ ሰው የሚንሸራሸርበት ሹገር ሃውስ መናፈሻ ያን ጊዜ ወህኒ ቤት ነበር። እዚያ ከታሰሩት አንዷ ቤል ሃሪስ ናት፤ በ1883 ስለ ትዳሯ አልመሰክርም በማለቷ ሕፃን ልጇን ታቅፋ ታሰረች። በ1890 ፕሬዚዳንት ዊልፈርድ ውድረፍ ጋብቻው እንዲቆም የሚመክር አዋጅ አወጣ፤ ዩታም በ1896 ክፍለ ግዛት ሆነች። ሆኖም አንዳንድ መሪዎች ከአዋጁ በኋላም በስውር ማጋባታቸውን ቀጠሉ። በ1904 ሁለተኛ አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ነገሩ በእርግጥ አልቆመም። ዛሬ ቤተ ክርስቲያኗ ይህን የሚያደርግ አባል ብታገኝ ታባርራለች፤ የሚያደርጉት ከእሷ የተለዩ ቡድኖች ናቸው።

በዚህ ሁሉ መካከል የሁለት አጎት ልጆች ክርክር አለ። የጆሴፍ ልጅ ጆሴፍ ሣልሳዊ አባቴ ንጹሕ ነው እያለ ዕድሜውን ሙሉ ተከራከረ። የሃይረም ልጅ ጆሴፍ ኤፍ. ስሚዝ ደግሞ በ1869 በሕይወት ያሉትን ሴቶች እየዞረ ከአጎቱ ጋር ስለ መታተማቸው ቃለ መሐላቸውን በመዝገብ ሰበሰበ። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል በተተኮሰ ጥይት አባት ያጡ ልጆች ነበሩ። በ1892 ነገሩ በሚዙሪ የመሬት ክስ ሰበብ ፍርድ ቤት ቀረበ። ኤሚሊ ፓርትሪጅ 68 ዓመቷ ነበር። በጠበቆች ጥያቄ ተፋጥጣ፣ በወጣትነቷ በኤማ ቤት የሆነውን በመሐላ ተናገረች። አሳዛኙ ነገር፣ በ1840ዎቹ እንዲዋሹ የተጠየቁት ሴቶች በእርጅናቸው እውነቱን ሲናገሩ፣ የቀድሞ ክህደታቸው ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረባቸው። ፈርመሽ አልነበረም? ተባሉ።

በሶልት ሌክ የቤተ ክርስቲያኗ የታሪክ ቤተ መጻሕፍት ለማንም ክፍት ነው። የጆሴፍ ስሚዝን ሰነዶች በ27 ጥራዝ ያሳተመው ሥራ በ2023 ተጠናቅቋል፤ ያልተቃጠለው ደብዳቤም ማንም ሊያነበው ይችላል። ይህ ግን በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ፎን ብሮዲ የጆሴፍን ሚስቶች በስም የዘረዘረችበትን የሕይወት ታሪኩን በ1945 ስታሳትም በዓመቱ ከቤተ ክርስቲያኗ ተባረረች። በ2014 ቤተ ክርስቲያኗ ራሷ ባወጣችው ጽሑፍ የሚስቶቹ ቁጥር በጥንቃቄ ሲገመት ከ30 እስከ 40 እንደሚደርስ፣ ከመካከላቸውም 15 ዓመት ያልሞላት እንደነበረች ገለጸች። ጽሑፉ ሲወጣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቤተ ክርስቲያኗ የኖሩ ብዙ ምእመናን ደነገጡ። ብዙዎቹን ያቆሰላቸው የሚስቶቹ ቁጥር ብቻ አልነበረም፤ እስከዚያ ቀን አለመነገራቸው ጭምር ነው። በ2024 ደግሞ ቤተ ክርስቲያኗ ቀዩን ሱቅና የኤማን ቤቶች ጨምሮ የናቩን ንብረቶችና የከርትላንድን ቤተ መቅደስ የጆሴፍ ሣልሳዊ ተከታዮች ከሆኑት በ192.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛች። የካዱትና የመሰከሩት ወገኖች ቤት በአንድ እጅ ገባ።

እኛ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። ናቩንና ሶልት ሌክን ካየሁ በኋላ በዚህ አባባል ግማሽ በግማሽ እስማማለሁ። ንጋት ማንም ሳይደክምለት ይመጣል። የናቩ እውነት ግን በራሱ አልጠራም። ዊትኒዎች ወረቀቱን እሳት ውስጥ ስላልጣሉት፣ ኢላይዛ መዝገቧን በሠረገላ ስለ ጫነች፣ ኤሚሊ በ68 ዓመቷ ለመማል ስለ ደፈረች፣ ብሮዲም መባረርን ስላልፈራች ነው የጠራው። እነዚህ ሰዎች ባይኖሩ እያደር የሚጠፋ እንጂ እያደር የሚጠራ ነገር አይኖርም ነበር።

የማንኛውም እምነት መሪ፣ ስለ እግዚአብሔር ሥራ ሲባል ይህን ደብቁልኝ ብሎ ተከታዮቹን ሲጠይቅ፣ ዋጋውን የሚከፍለው እሱ እንዳልሆነ ይወቅ። ጆሴፍ ስሚዝ በ38 ዓመቱ ሞተ። ኤማ ምሥጢሩን ተሸክማ 35 ዓመት ኖረች፤ ኢላይዛ 43 ዓመት፤ ኤሚሊ ከዚያም በላይ። የ14 ዓመት ልጅ፣ የወዳጇን ዓይን የምትሸሽ እናት፣ የይስሙላ ሙሽራ፣ የአባቱን ምሥጢር ያልተነገረው በኩር ልጅ፦ የመደበቅ ሒሳብ የተጻፈው በእነዚህ ስም ነው። ስለዚህ ማኅደራችንን መክፈት ያለብን ጥያቄው ሲበረታብን ወይም ጊዜ ሲያስገድደን አይደለም። የተበደለው ሰው በሕይወት ሳለ፣ ቃሉ ሊሰማለትና ይቅርታ ሊጠየቅ በሚችልበት ሰዓት ነው። ለኤማ ስሚዝ ያ ሰዓት አልመጣላትም። ዛሬ በየእምነቱ፣ በየቤቱ ዝም በሉ ለተባሉት ግን ገና አላለፈም።